የአራተኛው ሳጥን ነገር

በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ጠንቋይዋ» ነበር የሚሏት። ለስድብ አልነበረም፤ ፍቅር ያለበት ቀልድ ነው። ሥራዋ ሰው ገና ያልቀመመውን ሞለኪውል ኮምፒውተር ላይ አይታ «ይሄ ይሠራል፣ ይሄ አይሠራም» ብሎ መተንበይ ስለነበረ፣ በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር «ጠንቋይዋ ዛሬ ምን ታያት?» ይባባላሉ። እሷም አብራ ትስቃለች። ረዘም፣ ቀጠን ያለች፣ ስትሄድ አንገቷን ደፋ የምታደርግ ሴት ናት፤ ስትስቅ ግን ቀና ትላለች።

ሥራዋን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው የተረዱላት አማቷ ነበሩ። አማቷ ዕድሜያቸውን በሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ዓይናቸው ቢደክምም ምላሳቸው ያልደከመ እናት ናቸው። አንድ ቀን ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ተፋጠሽ ምንድን ነው የምትሠሪው?» አሏት።

እሷም ከጠረጴዛቸው ላይ መቀሱን አነሳች። «እማማ፣ ቫይረሱ ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ ዕቃውን ሁሉ የሚሠራው እንደ አንድ ጣቃ አያይዞ ነው። እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ኪሱ አንድ ላይ። ያንን የሚቆራርጥበት የራሱ መቀስ አለው፤ ኢንዛይም ይባላል። ካልተቆረጠለት መስፋት አይችልም፤ አይራባም።»

«እና መቀሱን ልትሰርቂው ነው?»

«መስረቁስ አይሆንልኝም። ስለቱ መሃል ገብቶ የሚቀረቀር ትንሽ ነገር ነው የምፈልገው። መድኃኒቱ እሱ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ይሄን ከየት ያውቀዋል?»

«አስተምረዋለሁ። ይሄኛው ሞለኪውል መቀሱን ያዘው፣ ያኛው አልያዘውም እያልኩ ብዙ ሺህ ምሳሌ አሳየዋለሁ። መልካቸውን መለየት ከለመደ በኋላ ዓይቶት የማያውቀውን ይገምትልኛል።»

«ተማሪ ነዋ! ቀለም ይገባዋል ወይስ ድንጋይ ነው?»

«ገና አልለየለትም፣ እማማ» ብላ ሳቀች።

ባሏ የዚያው መሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ የናሙና ክፍሉ ኃላፊ። በማቀዝቀዣ የሚቀመጡት ሞለኪውሎች በሙሉ የሚገቡትም የሚወጡትም በሱ እጅ ነው። የተዋወቁትም እዚያው ክፍል መስኮት ላይ፣ እሷ ስትጠይቅ እሱ ሲያቀብል ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው ሲያወራ አቋርጦ የማይገባ ሰው ነው። እሷ ደግሞ የሆዷን ካላወራች እንቅልፍ የማይወስዳት ዓይነት ናት። እቤት እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ የቀኑን ውሎ ትዘረግፍለታለች፤ እሱ ድንች እየላጠ ወይም ዕቃ እያጠበ ያዳምጣታል። «እናንተስ ትዳራችሁ ሬዲዮና አድማጭ ነው» ይሏቸው ነበር አማቷ።

ሴት ልጇን የወለደች ሰሞን ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ ሳጥን መጥቶ ነበር፤ አራተኛው ሳጥን። ከሱ በፊት የነበሩት ሦስቱ የዓለሙን ሁሉ ሞለኪውል ያጋበሱ ነበሩ። አራተኛው ግን ለእንደዚያ ዓይነቱ መቀስ ተብለው የተሠሩ ሞለኪውሎች የሞሉበት፣ ከሁሉም ይልቅ ተስፋ የተጣለበት ሳጥን ነው። ሞለኪውሎቹ ያሉት ጥፍር በሚያካክሉ ብልቃጦች ውስጥ ሲሆን ብልቃጦቹ ላይ ምንም አልተጻፈባቸውም፤ የትኛው የቱ እንደሆነ የሚታወቀው በተሰደሩበት ቦታ ብቻ ነው። እሷ አራስ ቤት እያለች ሳጥኑ ወጥቶ በኢንዛይሙ ላይ ተሞከረ። ስትመለስ ውጤቱ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። አራተኛውን ሳጥን ከሁሉም አብልጣ አምና ኮምፒውተሩን አስተማረችበት።

ሞዴሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ያስተማረችው ስሌት፣ የመረጠላትን ሞለኪውሎች ይዛ ወደ ቀማሚው ሄደች። ቀማሚው ጡረታ የደረሰ፣ አፉ መራራ እጁ ግን ወርቅ የሆነ ኬሚስት ነው። ወራት ፈጅቶ ሠራላት። ሲሞከሩ አንዳቸውም መቀሱን አልያዙትም። ሌላ አስመረጠች፤ እነሱም እንደዚያው። ስሌቱን ከሥሩ አፍርሳ እንደገና ሠራች። ሞዴሉ ደህና ሞለኪውል እያሳለፈ እርባና ቢሱን እየመረጠ አስቸገራት። ቀማሚውም በሦስተኛው ዙር ብልቃጦቹን ጠረጴዛዋ ላይ ደርድሮ «እኔ ምግብ አብሳይ ብሆን ኖሮ በአንቺ ትእዛዝ ደንበኛ ሁሉ ሸሽቶኝ ነበር» አላት።

ቀልዱም መልኩን ለወጠ። «ጠንቋይ ለራሷ አታውቅም» ማለት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ከኋላዋ፣ በኋላ ፊት ለፊት። የምርምር ክፍሏ የበላይ የሆኑት ዶክተር አንድ ቀን ጠርተዋት፣ በጣም በጨዋ ቃል፣ ፕሮጀክቱን ለሌላ ሰው እንደሰጡት ነገሯት። እሷ ለአዳዲስ ሠራተኞች ስለ ሶፍትዌሩ ትምህርት እንድትሰጥ ተወሰነ። መስኮት ከነበረው ክፍል ዕቃዋን ይዛ መስኮት ወደሌለው ክፍል ገባች።

ያን ቀን እቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልቅሳ አልቅሳ ደከመች። ባሏ እግሯ ሥር ተቀምጦ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታላት።

«ያንቺ ጥፋት አይደለም» አላት።

«የማነዋ?»

«ያንቺ አይደለም። እኔ አውቃለሁ።»

ይህን ቃል ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ብሏታል። እሷም ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ እሱ አመነኝ እያለች በልቧ አመሰገነችው። ለእህቷ ሳይቀር በስልክ «ባል እንደሱ ይስጥሽ» ብላታለች።

ነገሩ የተገለጠው በማይጠበቅ መንገድ ነው። ለአዲሶቹ ሠራተኞች ትምህርት ስታዘጋጅ፣ ሞዴል የሚማርበት ምሳሌ ሲቀነስ ምን ያህል እንደሚዳከም ላሳያቸው ብላ የሳጥኖቹን ውጤት በየተራ ከምሳሌው እያወጣች ሞዴሉን ማስተማር ጀመረች። አንደኛው ሲወጣ ሞዴሉ ደከመ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲወጡም እንዲሁ። አራተኛው ሲወጣ ግን ሞዴሉ ተሻለው። ደግማ ሞከረችው፤ አሁንም ተሻለው። ከሁሉም የተሻለ መጽሐፍ ሲነጠቅ የሚጎብዝ ተማሪ የት አገር አለ? ወንበሯን ወደኋላ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። በሞዴሉ ላይ የነበረው ጉድለት ከእሷ ስሌት እንዳልመጣ በዚያች ቅጽበት ገባት። መጽሐፉ ነበር የተበላሸው።

እንደዚያ ቀን ፈጥና ወደ ቤት ሄዳ አታውቅም። ባሏ ወጥ ቤት ድንች ይልጥ ነበር።

«አገኘሁት!» አለችው በሩ ላይ ሆና። «አራተኛው ሳጥን ነው። ውጤቱና ሞለኪውሉ አይገናኙም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሰት ሳስተምረው ነው የኖርኩት።»

ልጣጩ ከቢላው ላይ ሳይቋረጥ ረዘመ። ቀና አላለም።

«ከአምራቹ የመጣ ስህተት ይሆናል» አላት።

«ይመስልሃል?»

«ሊሆን ይችላል። አሁን እሱን መጎርጎር ምን ያደርግልሻል? ሳጥኑን ትተሽ በቀሩት ሥሪ።»

ልክ መሰላት። ግን አራተኛው ሳጥን እንዲህ በቀላሉ የሚተው አልሆነላትም። በማግስቱ ወደ ቀማሚው ሄደች። እሱ ዘንድ የሞለኪውልን ክብደት ለክቶ ማንነቱን የሚናገር መሣሪያ አለ። ከሳጥኑ የተወሰኑ ብልቃጦች አስወጥተው ለኩ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ መኖር የነበረበት ስድስተኛው ረድፍ ላይ ተገኘ፤ የስድስተኛው ሦስተኛው ላይ። የጠፋም የተተካም የለም። ሁሉም አለ፣ ግን በቦታው ያለ ጥቂት ነው።

ቀማሚው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ይሄ የአምራች ስህተት አይደለም። አምራች ቢሳሳት ሌላ ነገር ነው የሚልክልሽ። ይሄ ወድቆ የተለቀመ ሳጥን ነው።»

«ጋሼ፣ ምናልባት ከባሌ በፊት ናሙና ክፍሉን በያዘው ሰው ጊዜ ይሆናል።»

«ከሱ በፊት የነበረው ሰው ሲሄድ ይሄ ሳጥን መች ተገዝቶ ነበር?»

 ቀማሚው የሚይዘው ቢያጣ ንጹሑን ጠረጴዛ በጨርቅ መወልወል ጀመረ። የናሙና ክፍሉ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ናሙና ክፍል ስትገባ ባሏ ወፍራሙን ጓንት አድርጎ ማቀዝቀዣውን እየዘጋ ነበር። ፊቷን ሲያይ ጓንቱን አወለቀ።

«መቼ ነው የወደቀው?» አለችው።

አልካደም። ይህን ብቻ ልትመሰክርለት ትችላለች፤ እዚያች ክፍል ውስጥ ለእሷ አልካደም። ልጅቷ በተወለደች በማግስቱ ነበር። ሌሊቱን ሆስፒታል አድሮ፣ ጠዋት ሳጥኑን ሊያወጣ ሲል ማቀዝቀዣው ፊት ያለው በረዶ አንሸራተተው። ብልቃጦቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ቦታቸውን የገመታቸውን መለሰ፤ የቀሩትን ባገኘው ቀዳዳ ሰደራቸው። ያን ወር የሥራ ውሉ የሚታደስበት ወር ነበር።

«ላስለካቸው አስቤ ነበር» አላት። «ከዚያ በፊት መጥተው ወሰዱት። ከተሞከረ በኋላ ደግሞ… እንዴት ብዬ?»

«እኔ ስመለስስ?»

«በየቀኑ ልነግርሽ እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«ሥራዬን ሲነጥቁኝስ? እግሬ ሥር ተቀምጠህ ስታጽናናኝስ?»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም ብዬሻለሁ።»

 አዎ፣ ብሏታል። ሰው ሁሉ ሲጠራጠራት እሱ ያላንዳች ጥርጥር አፉን ሞልቶ ይናገር የነበረው ስላመናት አልነበረም፤ ስለሚያውቅ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ስንቅ ይዛው የኖረችው ቃል በእጇ ላይ አመድ ሆነ።

«እሺ፣ ያኛውን ፈርተህ ነው እንበል» አለችው ቀስ ብላ። «ትናንትስ? ትናንት ደስ ብሎኝ ስመጣ፣ ድንችህን እየላጥክ ምን አልከኝ?»

 የወደቀ ሳጥን ይቅር ይባላል፤ የፈራ ሰውም ይቅር ይባላል። የትናንቱን ግን የት እንደምታስቀምጠው አላወቀችም።

ለዶክተሩ ራሷ ብትነግራቸው ትችል ነበር። አላደረገችውም። «ራስህ ግባና ንገራቸው» አለችው። «እኔ አልከስህም።» እሱም በሳምንቱ መጨረሻ ገባ። እሷ መስኮት አልባ ክፍሏ ውስጥ ሆና፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ከባድ ነገር ነው ያደረገው እያለች ልቧን ልታራራ ትሞክር ነበር። ከዚያ ዶክተሩ አስጠሯት።

«ተቀመጪ» አሏት። ፊታቸው የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። «ባለቤትሽ ሁሉንም ነግሮኛል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የጠራሁሽ። ያን ጊዜ ሲነግርሽ አራስ ነበርሽ፤ እንቅልፍ የለ፣ ልጅ ታለቅሳለች… ቢረሳ አይፈረድም።»

መጀመሪያ ያልገባት መሰላት። «ማን ነው የነገረኝ?»

«እሱ። ሳጥኑ የወደቀ ዕለት ነግሬያት ነበር፣ በወሊድ ድካም ረስታው ይሆናል ነው ያለኝ። ደግሞ እንዳትወቀሽ እያለ ስንት ጊዜ ለመነኝ።»

«ዶክተር፣ አልነገረኝም። ከሦስት ቀን በፊት ነው ያወቅኩት።»

ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን ገለባበጡት። «እኔ እንግዲህ በባልና ሚስት መሃል አልገባም። ሳጥኑ እንደገና ይለካል። አንቺም ወደ ፕሮጀክቱ ተመለሺ። ነገሩ በዚህ ይብቃ።»

ስትወጣ ኮሪደሩ ረዘመባት። ቢሰድባት፣ ቢወነጅላት፣ ጮኻ ትከላከል ነበር። እሱ ግን አዝኖላት ነው የዋሸባት። ውሸቱን በይቅርታ ጠቅልሎ ስለሰጣቸው፣ «ሐሰት ነው» ባለች ቁጥር እሷው ጨካኝ፣ እሱ ታጋሽ ሆኖ ይታያል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው ነው፤ የታሰረችበት ገመድ ለስላሳ ነበር።

ማታ ራት ላይ እሷ ምንም አልተናገረችም። አማቷ ግን ቤቱ ውስጥ የገባውን ነፋስ አሽትተው ኖሮ፣ ልጃቸው ከጠረጴዛው እንደተነሳ ተከትለዋት ወደ መኝታ ክፍል ገቡ። በሩን ዘግተው ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ?»

ነገረቻቸው። ሳጥኑን፣ ድንቹን፣ የዶክተሩን ቢሮ፤ ምንም ሳታስቀር። እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። 

«አልነገረሽም» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«ለእኔ ነግሮኛላ። ሆስፒታል ሳለሽ ጣቱ ቆስሎ መጣ። ‹ሥራ ቦታ አንሸራትቶኝ ሳጥን ጣልኩ፣ ብልቃጡ ሁሉ ተበተነ፣ ለሷ እንዳትነግሪያት፣ አራስ ናት ትደነግጣለች› አለኝ። እኔም ምን ከባድ ነገር አለው ብዬ። ብርጭቆ ሰበርኩ ያለኝ ያህል ነው የቆጠርኩት፣ ልጄ።»

ለአፍታ ትንፋሿ ተመለሰላት። ሰው አለኝ አለች በልቧ። የሰማ ሰው አለ።

«እማማ፣ ይሄንን ለዶክተሩ ይንገሩልኝ። ይሄንኑ ብቻ።»

አሮጊቷ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። እጃቸው በመርፌ ብዛት ሻክሯል። «ለአንቺ ነገርኩሽ። እሱንም ፊት ለፊት እለዋለሁ፤ ጡቴን እረግማለሁ። ውጭ ወጥቼ ግን በልጄ ላይ አልመሰክርም። አትጠይቂኝ።»

አልጠየቀቻቸውም። እጇንም አልነጠቀቻቸውም፤ ቀስ ብላ ሳበችው እንጂ። በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም እንዳትደነግጥ፣ እንዳትጎዳ፣ እንዳትወቀስ ሲጠነቀቁላት ነበር። ተጠንቅቀውላት ተጠንቅቀውላት ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዋን አቆሟት።

ወሩ ሳያልቅ ልጅቷን ይዛ መሥሪያ ቤቱ አጠገብ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። ባሏ ዕቃ ሲጫን ረዳት፤ የሚሰበረውን እየለየ በጨርቅ ጠቀለለላት። «ምን ላድርግ?» አላት ደረጃው ላይ። «ለዶክተሩ እውነቱን ንገራቸው» አለችው። «አሁን ብነግራቸው ውሸታም እባላለሁ» አላት። ይህንንም በለሰለሰ ድምፅ ነው ያለው። እሷም የቀረውን ካርቶን አንስታ ወረደች።

ሳጥኑ እንደገና ተለካ። ቀማሚው እያንዳንዱን ብልቃጥ ሲለካ ሲነጫነጭ ከረመ፤ እሷ አጠገቡ ቆማ የእያንዳንዱን ትክክለኛ ቦታ አስተካከለች። ሞዴሉም አዲስ ተማሪ ሆነ። በተበላሸው ምሳሌ ተምሮ የማያውቀውን መለየት አቅቶት የነበረው፣ አሁን ከእሷም ቀድሞ ያይ ጀመር። ባሏ ውሉ ታድሶለት አሁንም የናሙና ክፍሉ መስኮት ላይ ነው። ብልቃጥ በፈለገች ቁጥር ከእጁ ትቀበላለች። «እንደምን አደርሽ» ይላታል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች። የተቀበለችውን ብልቃጥ ሁሉ ሳታስለካ ግን አትጠቀምበትም፤ እሱም እንደምታስለካ ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ አማቷ የሰፉትን ቀሚስ ይዘው የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። ሻይ ታቀርብላቸዋለች። ስለ ሁሉም ነገር ይጫወታሉ፤ ስለዚያ ነገር ግን አያነሱም።

ሞዴሉ በመጨረሻ ከመረጣቸው ውስጥ ቀማሚው ጥቂቱን ሠርቶ አመጣ። የሚሞከሩ ዕለት ሁለቱ ብቻ ነበሩ መሣሪያው ፊት የተቀመጡት። መቀሱ በሠራ መጠን ብርሃን ይወጣል፤ በስክሪኑ ላይም መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው መስመር ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። የሚቀጥለው ትንሽ ተነሳና ዝም አለ። ጠበቁት። መሬት እንደያዘ ቀረ። መድኃኒቱን ጨምረውም ቀንሰውም ሞከሩት፤ ብዙ ሲሆን መቀሱ ጭራሽ ይቆማል፣ ሲያንስ ይንቀሳቀሳል፤ ልክ መሆን እንዳለበት። ገና በሕዋስ ላይ ይሞከራል፣ ከዚያም በእንስሳ፤ መንገድ ላይ የሚቀር ብዙ ነው። ቢሆንም እንዲህ ያለ መስመር በዚያ ክፍል ታይቶ አያውቅም።

ቀማሚው ወደ እሷ ዞረ። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ታያለች።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ብሎኛል፣ ጋሼ። እንዲህ ሲሆን ሮጬ እቤት ሄጄ ነበር የማወራው። አሁን ወዴት እንደምሮጥ ጠፋኝ።»

ቀማሚው ማጽናናት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ።

«በይ ለእኔ አውሪኝ» አላት። «ቸኩዬ የምሄድበት የለኝም።»

ከየት እንደምትጀምር ትንሽ ግራ ገባት። ከዚያ ከሞዴሉ ጀመረች።